የብርሃን መስመር ለምን ይሰፋል? የካድሚየም ቀይ ብርሃን ታሪክ



አንድ ነጋዴ ጨርቁን ዘርግቶ «ይህ ቀይ ነው» ቢልዎ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል። የብርሃንን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን በዚህ አይረኩም። «ቀይነቱ ከወዴት ተነሥቶ እስከ ወዴት ይደርሳል?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀይ የምንለው ቀለም እንደ አንድ ሰፊ አውራጃ ነውና፥ አንዱ ብርሃን አውራጃውን ከዳር እስከ ዳር ሲሞላው፥ ሌላው ከአንዲት ጠባብ ቀበሌ አይወጣም። ዛሬ የምናነሣው ታሪክ የዚህ ስፋት ታሪክ ነው። ስፋቱ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ቀላል ቢመስልም፥ በአንድ ማዕድን ብቻ፥ ይኸውም በካድሚየም፥ ነገሩን ለመለየት ከመቶ ዓመት የበለጠ ድካም ጠይቋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የፀሐይ ብርሃን በሦስት ማዕዘን መስታወት ውስጥ ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ እንደሚከፈል ኒውተን በ17ኛው ምእት ዓመት አሳይቶ ነበር። በ1814 የባቫርያው መስታወት ሠሪ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ይህንኑ ኅብረ ቀለም በተሻለ መሣሪያ ቢመለከተው፥ በቀለማቱ መካከል ከአምስት መቶ የሚበልጡ ጥቁር መስመሮች አገኘ። ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላም ኪርሆፍና ቡንሰን በሃይድልበርግ ከተማ ሆነው፥ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የራሱ የሆኑ የብርሃን መስመሮች እንዳሉት አስረዱ። ሶዲየም ሁለት ቢጫ መስመሮች አሉት፤ በየትም ስፍራ ቢገኝ፥ በጨው ውስጥም ሆነ በፀሐይ አካል፥ መስመሮቹ እነዚያው ናቸው። ከዚያ ወዲህ መስመር ማለት ለንጥረ ነገር እንደ ጣት አሻራ ሆኖ ተቈጠረ።

በዚያን ዘመን ሊቃውንቱን ያስደነቃቸው የመስመሮቹ ስፍራ ነበር። ስለ ስፋታቸው አጥብቀው ከጠየቁት መካከል ዋናው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር አልበርት ማይክልሰን ናቸው። የእርሳቸው መሣሪያ አንዱን ብርሃን በሁለት ይከፍለውና፥ ሁለቱን ክፍሎች በየራሳቸው መንገድ ልኮ በመስታወት እያስመለሰ መልሶ ያገናኛቸዋል። መንገዶቹ እኩል ሲሆኑ ሁለቱ ብርሃናት ተገናኝተው የብርሃንና የጨለማ ሽንትር ይሠራሉ። አንደኛው መንገድ እየረዘመ ሲሄድ ግን ሽንትሩ እየደበዘዘ ይሄዳል። ምክንያቱንም በሰልፍ ወታደር መረዳት ይቻላል። እርምጃቸው ፈጽሞ እኩል የሆነ ወታደሮች ሩቅ ቢሄዱም ሰልፋቸው አይፈርስም፤ እርምጃቸው በጥቂቱ የሚለያይ ከሆነ ግን በጥቂት መንገድ ይደበላለቃሉ። እንደዚሁም የብርሃኑ መስመር ጠባብ ከሆነ ሽንትሩ በረዥም መንገድ ይታያል፤ ሰፊ ከሆነ ቶሎ ይጠፋል። ማይክልሰን ስፋትን በዓይን ሳይሆን በመንገድ ርዝመት ለኩት ማለት ነው።

ይህ ችሎታ በ1892 በፓሪስ አጠገብ በሴቭር ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የሚዛንና የልክ ቢሮ አስጠራቸው። ሜትር ማለት በዚያን ጊዜ ከፕላቲኒየምና ከኢሪዲየም የተሠራ አንድ ዘንግ ነበር። ዘንግ ደግሞ ሊጣመም፥ ሊቃጠል፥ ሊሰረቅ ይችላል። ስለዚህ የሜትርን ርዝመት በብርሃን ሞገድ ቈጥሮ ለማስቀመጥ ታሰበ። ለዚህ ሥራ ግን ፍጹም የጠበበ መስመር ያስፈልግ ነበር። ፕሮፌሰሩ የብዙ ንጥረ ነገሮችን ብርሃን ቢመረምሩ፥ አንድ መስለው የታዩት መስመሮች ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ሆነው፥ ሌሎቹም ተድበስብሰው አገኟቸው። በመጨረሻ የመረጡት የካድሚየምን ቀይ መስመር ነው። ከብዙ ትጋት በኋላም አንድ ሜትር የዚህን ቀይ ብርሃን 1,553,163.5 ሞገዶች እንደሚይዝ አስታወቁ። በ1907 ሊቃውንት የሞገድ ርዝመት የሚለካበትን አንግስትሮም የተባለውን ልክ በዚሁ መስመር ወሰኑት። ካድሚየም በዚያ ዘመን የጥራት ምሳሌ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይህችም መስመር ጨርሳ ስፋት የሌላት አልነበረችም። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ በ1889 ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ በተን ውስጥ ያሉ አቶሞች ወዲያና ወዲህ ስለሚሮጡ ነው አሉ። ወደ እኛ የሚገሠግሠው አቶም ብርሃኑ ጥቂት ወደ ሰማያዊ፥ ከእኛ የሚርቀው ጥቂት ወደ ቀይ ያዘነብላል። በለገሃር ቆሞ የባቡር ፊሽካ ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ባቡሩ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፥ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። በኋላም ሆላንዳዊው ሎረንትዝ የአቶሞች መጋጨት መስመርን እንደሚያሰፋ አሳዩ። በ1930 ደግሞ ቫይስኮፕፍና ዊግነር የተባሉ ሊቃውንት፥ ብቻውን ቆሞ የማይነቃነቅ አቶም እንኳ የራሱ ስፋት እንዳለው በስሌት አስረዱ። አቶም ብርሃን የሚሰጠው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ፥ ለአፍታ ብቻ የተሰማ ድምፅ ዜማው በትክክል እንደማይለይ ሁሉ፥ የብርሃኑም ቀለም ፈጽሞ ቍርጥ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስፋት እንዳለ ልብ ይሏል። ነገሩን ከመሥሪያ ቤት ኑሮ በሚወሰድ ምሳሌ እናስረዳ። አንድ መቶ ጸሓፊዎች ያሉት መሥሪያ ቤት አለ እንበል። የመግቢያውን መዝገብ ቢመለከቱ፥ ሰዎቹ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ተበታትነው ይገባሉ። የሠላሳ ደቂቃ ስፋት አለ ማለት ነው። ይህ ግን በሁለት መንገድ ሊሆን ይችላል። ምናልባት እያንዳንዱ ጸሓፊ የራሱ ቍርጥ ሰዓት አለው፤ አንዱ ዘወትር 2 ሰዓት ከ5፥ ሌላው ዘወትር 2 ሰዓት ከ20 ይገባል። ምናልባት ደግሞ ሁሉም በጠባይ አንድ ሆነው፥ እያንዳንዱ ራሱ አንድ ቀን ቀድሞ አንድ ቀን ዘግይቶ የሚመጣ ነው። የጠቅላላው መዝገብ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። አለቃው ስፋቱን ሊያጠብ ቢያስብ ግን መድኃኒቱ የተለያየ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዎቹን እርስ በርሳቸው ማመሳሰል ይበቃል፥ በሁለተኛው የእያንዳንዱን ሰው ልማድ መለወጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን «የልዩነት ስፋት»፥ ሁለተኛውን «የባሕርይ ስፋት» ብለን እንጥራቸው። ሬይሊ የገለጡት የልዩነት ስፋት ነበር፤ ሎረንትዝ፥ ቫይስኮፕፍና ዊግነር የገለጡት ደግሞ የባሕርይ ስፋት ነው።

በተን ዘንድ ይህን መለየት ያን ያህል አላስቸገረም፤ አንዱ የካድሚየም አቶም ከሌላው ጋር እንደ መንታ ይመሳሰላልና። ችግሩ የመጣው ካድሚየም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተዋሕዶ፥ የሰው እጅ እየቈረሰ የሚሠራው ነገር በሆነ ጊዜ ነው።

ካድሚየም ከድኝ ጋር ሲዋሐድ ቢጫ፥ ከሴሌኒየም ጋር ሲዋሐድ ቀይ ማቅለሚያ ይሆናል፤ መስታወት ሠሪዎችም ለረዥም ጊዜ መስታወት ሲያቀልሙበት ኖረዋል። እነዚህ ውሑዶች ሴሚኮንዳክተር ከሚባሉት ወገን ናቸው። በውስጣቸው ያለው ኤሌክትሮን ብርሃን ሲያገኝ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ይወጣል፤ ተመልሶ ሲወርድም ብርሃን ይሰጣል። የደረጃው ከፍታ በማዕድኑ ዓይነት የተወሰነ ስለሆነ፥ ክሪስታሉ የጨው ቅንጣት ቢያህል ወይም የቡና ፍሬ ቢያህል ቀለሙ አይለወጥም። ነገር ግን ክሪስታሉ እያነሰ ሄዶ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሲሆን ሁኔታው ይለወጣል። ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲከፈል ነው። በዚህን ያህል ጠባብ ስፍራ የተዘጋበት ኤሌክትሮን እንደ ማሲንቆ ጭራ ይሆናል፤ ጣት ጭራውን ባሳጠረው ቍጥር ድምፁ እንደሚቀጥን፥ ክሪስታሉም ባነሰ ቍጥር ብርሃኑ ከቀይ ወደ ቢጫ፥ ከቢጫ ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ይህን የመሰለው ቅንጣት ናኖክሪስታል ይባላል።

ነገሩ አስቀድሞ የታየው በሌኒንግራድ ነው። አሌክሴይ ኤኪሞቭ በቫቪሎቭ ስም በሚጠራው የመንግሥት የብርሃን ጥናት ተቋም ሆነው ባለ ቀለም መስታወት ይመረምሩ ነበር። የመዳብ ክሎራይድ የተጨመረበትን መስታወት ከ500 እስከ 700 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት፥ አንዳንዱን ለአንድ ሰዓት፥ አንዳንዱን እስከ 96 ሰዓት ድረስ አቈዩት። በውስጡ የተፈጠሩትን ክሪስታሎች በኤክስሬይ ቢለኩ ከ2 እስከ 30 ናኖሜትር ሆነው ተገኙ፤ ታናናሾቹም የሚውጡት ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ነበር። በ1981 ከባልደረባቸው ከኦኑሽቼንኮ ጋር ይህን አሳተሙ። በሚቀጥለውም ዓመት አሌክሳንደር ኤፍሮስ ስሌቱን አቀረቡ። በ1983 ደግሞ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ሉዊስ ብረስ፥ በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ የካድሚየም ሰልፋይድ ቅንጣቶች 4.5 ናኖሜትር ሳሉና አድገው 12.5 ናኖሜትር ሲሆኑ የተለያየ ብርሃን እንደሚውጡ ተመለከቱ። የሶቪየቱ መጽሔት በምዕራቡ ዓለም እንደ ልብ የሚገኝ ስላልነበረ፥ ብረስ ስለ ኤኪሞቭ ሥራ አንዳች አልሰሙም ነበር። የሁለት ኃያላን ቅራኔ ሊቃውንቱን አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ያስጠርጋቸው ነበር ማለት ነው።

ስሌቱ ተስፋ ሰጪ ነበር። ናኖክሪስታል ኤሌክትሮኑን አጥብቆ ስለሚይዝ እንደ አቶም የተለያዩና ጠባብ መስመሮች ይሰጣል ተብሎ ተጠበቀ፤ «ሰው ሠራሽ አቶም» የሚል ስምም ወጣለት። መሣሪያው ያሳየው ግን ሌላ ነው። በሴቭር ሜትርን የለካው ካድሚየም፥ አሁን የሚያሳየው መስመር ሳይሆን እንደ ኮረብታ የተንጣለለ ጉብታ ሆነ። የጉብታው ስፋት ከማይክልሰን ቀይ መስመር ከአሥር ሺሕ ጊዜ በላይ ይበልጥ ነበር። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ቅንጣቶቹ በመጠን ስለሚለያዩ ነው? ወይስ እያንዳንዱ ቅንጣት ከተፈጥሮው ሰፊ ነው? ስሌቱስ ተሳስቶ ይሆን?

ይህን ለመለየት በ1988 ፖል አሊቪሳቶስ ከብረስና ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር በቤል ቤተ ሙከራ አንድ ብልሃት ሞከሩ። ፍጹም የጠበበ የሌዘር ብርሃን ወስደው የካድሚየም ሴሌናይድን ጉብታ በአንዲት ስፍራ ብቻ መቱት። ብርሃኑ የሚነካቸው ያንን ቀለም የሚውጡትን ቅንጣቶች ብቻ ነው፤ እነርሱም ለጊዜው ስለሚጠግቡ፥ በጉብታው ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። ስፋቱ የባሕርይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉብታው በሙሉ ይወርድ ነበር፤ የልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው እንደ መርፌ የጠበበ ይሆን ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ምሳሌ፥ በ2 ሰዓት ከ15 የገቡትን ብቻ ለይቶ ጠባያቸውን እንደ መመልከት ነው። የተገኘው መልስ ከሁለቱም ድርሻ ነበረው። ቀዳዳው ከጉብታው የጠበበ ስለሆነ የቅንጣቶቹ አለመመሳሰል ተረጋገጠ፤ ግን የቀዳዳው ስፋት ራሱ ቀላል አልነበረም፥ ሙቀትም ሲጨምር ይሰፋ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥረቱ ሁሉ ቅንጣቶቹን ወደ ማመሳሰል ዞረ። በብረስ ዘንድ የሠለጠኑት ሙንጊ ባዌንዲ፥ በፓሪስ የተወለዱና በአባታቸው የቱኒዝያ ተወላጅ ሲሆኑ፥ በ1990 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄደው ነበር። በ1993 ከተማሪዎቻቸው ከክሪስቶፈር መሪና ከዴቪድ ኖሪስ ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ የዚህን ጥበብ ዘመን የለወጠ ነው። ብልሃቱ እንዲህ ነው። እስከ 300 ዲግሪ ገደማ በጋለ ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ካድሚየምና ሴሌኒየም የያዘውን መድኃኒት በአንድ ጊዜ በመርፌ ይጨምሩታል። ክሪስታሎቹ ሁሉ በአንድ አፍታ ይጸነሳሉ፤ ወዲያው ፈሳሹ ስለሚበርድ አዲስ የሚጸነስ የለም። በአንድ ቀን የተዘራ ጤፍ አብሮ እንደሚያሸት፥ እነዚህም አብረው ያድጋሉ። ቀጥሎም በፈሳሹ ላይ ሜታኖል ጠብ እያደረጉ ሲጨምሩ ትልልቆቹ ቀድመው ይዘቅጣሉ፤ እንዲህ እየለዩ፥ ወንፊት ሊያነሣው የማይችለውን ነገር ያለ ወንፊት ያበጥሩታል። ከ1.2 እስከ 11.5 ናኖሜትር ድረስ በተፈለገው መጠን ተሠርቶ፥ የመጠኑ ልዩነት ከ5 በመቶ በታች ሆነ።

አምስት በመቶ ለእኛ ትንሽ ነው። ለናኖክሪስታል ግን ትንሽ አይደለም። 4 ናኖሜትር በሆነ ቅንጣት ላይ 5 በመቶ ማለት 0.2 ናኖሜትር ነው፤ ይህም ከአንድ የአቶም ንጣፍ ውፍረት ያንሳል። ከዚህ በታች መውረድ ማለት አቶሞችን አንድ በአንድ መቍጠር ማለት ነው። በቀላሉ ስሌት ደግሞ መዘጋቱ የሚጨምረው ኃይል የሚያድገው ቅንጣቱ በሚያንስበት ልክ ሳይሆን በካሬው ስለሆነ፥ የ5 በመቶ ማነስ ይህን ኃይል 10 በመቶ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በጣም የተበጠረው ናሙና እንኳ ሰፊ ጉብታ ይሰጥ ነበር። የቀረው ስፋት ከዚህ ከ5 በመቶ የመጣ ነው ወይስ ከቅንጣቱ ባሕርይ? ይህን በስብስብ መመለስ አልተቻለም። አንዱን ቅንጣት ብቻውን ማየት ግድ ሆነ።

4 ናኖሜትር የሆነን ነገር በብርሃን ማየት እንዴት ይቻላል? የማይክሮስኮፕ ብርሃን ከሞገዱ ግማሽ ያነሰ ርቀት መለየት እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ይህም ወደ 300 ናኖሜትር ይጠጋል። የቅንጣቱን ቅርጽ ማየት አይቻልም ማለት ነው። የሚሰጠውን ብርሃን ግን እንደ ነጥብ ማየት ይቻላል፥ ጎረቤት ካልቀረበው። ሌሊት በተራራ ላይ የበራ ኩራዝ፥ እሳቱ ምን እንደሚመስል ባይለይም፥ ብቻውን ከሆነ ከሩቅ እንደሚታይ ነው። ስለዚህ ፈሳሹን እጅግ አቅጥነው በስስ ፕላስቲክ ላይ ዘረጉት፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርሳቸው ተራራቁ። ከዚያም እስከ 10 ኬልቪን፥ ማለት ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ድረስ አቀዘቀዙት።

በ1996 ስቲቨን ኤምፔዶክሊስ፥ ኖሪስና ባዌንዲ ያሳተሙት ውጤት የስሌቱን ሰዎች ካሳቸው። የአንዲት ቅንጣት መስመር እስከ 0.12 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ጠቦ ተገኘ። ይህ ከስብስብ መለኪያ ይጠበቅ ከነበረው ከ50 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። እነሆ፥ በስብስብ ውስጥ ተደብቆ የኖረው «ሰው ሠራሽ አቶም» በእርግጥ አቶም ይመስል ነበር። ቀዳዳ የመክፈቱ ብልሃት እንኳ የልዩነቱን ስፋት አራግፎ ሊጨርሰው አልቻለም ነበር።

ነገር ግን አንዱን ብቻ ማየት ያልታሰቡ ሁለት ነገሮች ገለጠ። በዚያው ዓመት ማኖጅ ኒርማልና ጓደኞቻቸው እንዳሳወቁት፥ አንዲቷ ቅንጣት ሳታቋርጥ አታበራም፤ ትበራለች፥ ትጠፋለች፥ ደግሞ ትበራለች። በስብስብ ዘንድ ይህ ከቶ አይታይም፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራልና ጠቅላላው ሳያቋርጥ የበራ ይመስላል። ሁለተኛው ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል። መስመሯ በአንድ ስፍራ አትቆምም። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሲመለከቷት ጠባብ ነች፤ ለረዥም ጊዜ ሲመለከቷት ግን ወዲህና ወዲያ ስለምትባዝን፥ መዝገቡ ላይ ሰፍታ ትገኛለች። በ1997 ኤምፔዶክሊስና ባዌንዲ በቅንጣቷ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል በማሳረፍ መስመሯ ምን ያህል በቀላሉ እንደምትንቀሳቀስ አሳዩ፤ በዙሪያዋ የሚቀመጡና የሚነሡ የኤሌክትሪክ ሙላቶችም እንዲሁ ያባዝኗታል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ግኝት አስቀድመን የሠራነውን ክፍፍል እንዴት እንዳናጋው ይመልከቱ። የልዩነት ስፋት የብዙዎች ነው፥ የባሕርይ ስፋት የአንዱ ነው ብለን ነበር። አሁን ግን አንዱ ራሱ በጊዜ ውስጥ ብዙ ሆነ። ከጸሓፊዎቹ አንዱን ለአንድ ሳምንት ቢከታተሉት ዘወትር 2 ሰዓት ከ10 ይገባል፤ በሚቀጥለው ወር መንገድ ተቈፍሮበት ዘወትር 2 ሰዓት ከ25 ይገባል። «የዚህ ሰው ስፋት ስንት ነው?» ለሚል ጥያቄ «ስንት ጊዜ ተመለከትከው?» ከማለት በቀር መልስ የለም። በዚህ ጸሓፊ አስተያየት ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምንም እንኳ በ2023 ለኤኪሞቭ፥ ለብረስና ለባዌንዲ የተሰጠው የኖቤል ሽልማት ቅንጣቶቹን ስላገኙና ስለሠሩ ቢሆን።

ይሁን እንጂ ማንም ቴሌቪዥኑን በ10 ኬልቪን አይመለከትም። በተራ የክፍል ሙቀት የክሪስታሉ አቶሞች ስለሚንቀጠቀጡ ኤሌክትሮኑን ያንገላቱታል፤ የአንዷ ቅንጣት መስመርም እጅግ ሰፍታ ከስብስቡ ጉብታ ጋር ትቀራረባለች። ስለዚህ ጥያቄው ለሠሪዎቹ እንደገና ተነሣ። አንድ በአንድ መመርመሩም ጉድለት ነበረው። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ከዚያም በላይ ተመራማሪው ሳያስበው ደምቀው የሚበሩትን ይመርጣል። ከመቶ ጸሓፊዎች መካከል በመስኮት አጠገብ የሚቀመጡትን ብቻ ጠይቆ ስለ መሥሪያ ቤቱ እንደ መፍረድ ነው።

መፍትሔው በ2013 በጂያን ኩይ፥ በባዌንዲና በጓደኞቻቸው ሲታተም፥ በመሣሪያው መካከል የተገኘው የማይክልሰን የጥንት ብልሃት ነበር። ቅንጣቶቹ በፈሳሽ ውስጥ እንዳሉ ይንሳፈፋሉ። የሌዘር ብርሃን ባረፈበት ጠባብ ስፍራ አንዷ ስታልፍ ለአጭር ጊዜ ብርሃን ትሰጣለች። በዚያ አጭር ጊዜ ተከታትለው የመጡ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች፥ ፎቶን የሚባሉት፥ ከአንዲት ናኖክሪስታል የመጡ የመሆናቸው ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ተራርቀው የመጡት ግን ከተለያዩ ናቸው። ብርሃኑን ማይክልሰን እንዳደረጉት በሁለት መንገድ ከፍለው ካገናኙት በኋላ፥ ተከታትለው የመጡትን ከተራራቁት ጋር ሲያነጻጽሩ፥ የአንዷ ቅንጣት ስፋት በአማካይ ስንት እንደሆነና የቀረው ስንቱ ከልዩነት እንደመጣ በቍጥር ይለያል። መራጭ የለም፤ የሚቈጠሩት ሺሖች ናቸው።

ውጤቱ ለሠሪዎቹ የሚያጽናናም የሚያስቈጭም ነበር። የአንዷ ቅንጣት ስፋት በተፈጥሮ የተወሰነ አንድ ቍጥር ሳይሆን፥ ከአንዱ የአሠራር ዙር ወደ ሌላው በብዙ ይለያይ ነበር፤ በአሠራሩም ሊጠብና ሊሰፋ እንደሚችል ታየ። ከ1993 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ድካሙ ይበልጡን ያተኰረው ቅንጣቶቹን በማመሳሰል ላይ ነበር፤ የስፋቱ ከፊል ግን በእያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሳይጠይቀው ኖረ። የጸሓፊዎቹን ሰዓት ሲያስተካክል የኖረው አለቃ የመንገዱን መቈፈር አላየም ነበር።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከ2013 ወዲህ ናኖክሪስታል በቴሌቪዥን ውስጥ እየገባ ይሸጣል። የስክሪኑ ቀይና አረንጓዴ መስመሮች በጠበቡ መጠን፥ በቅልቅላቸው የሚወጣው ቀለም ይበዛል፤ በሰፉ መጠን ቀለሙ ወደ ነጭነት እየደበዘዘ ይሄዳል። ካድሚየም ግን መርዝ ነው፤ ኩላሊትንና አጥንትን ይጐዳል። ከ2006 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ክፍል ውስጥ ከ0.01 በመቶ በላይ ካድሚየም እንዳይገኝ ሲከለክል፥ ለስክሪን ሥራ ግን ለጊዜው ልዩ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ወደ ኢንዲየም ፎስፋይድ ዞሩ። የእርሱ ቅንጣቶች መስመር በተለምዶ ከካድሚየሙ ይሰፋል። ታዲያ አንድ አዲስ ናሙና ከምድጃው ሲወጣ ቤተ ሙከራው አስቀድሞ የሚለየው፥ ይህ ስፋት ከቅንጣቶቹ አለመመሳሰል ስንቱን፥ ከእያንዳንዷ ቅንጣት ደግሞ ስንቱን እንደያዘ ነው፤ የመጀመሪያው ከበዛ ማበጠሪያውን ያሻሽላሉ፥ ሁለተኛው ከበዛ የክሪስታሉን ልባስና ውስጡን እንደገና ይሠሩታል።